መምህር አድማሱና የማርያም መቀነት

የመምህር አድማሱን ሞት የሰማሁት ፈተና እየፈተንኩ ሳለሁ ነው። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ በመስኮቱ ብቅ ብለው በእጃቸው ጠሩኝ። ስወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር አድማሱ ዐረፉ። ትናንት ተቀበሩ» አሉኝ። ተመልሼ ገብቼ በወንበሮቹ መካከል ቆምኩ። ካቀረቀሩት ልጆች ውስጥ መምህር አድማሱን የሚያውቅ አንድም አልነበረም። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እነዚህ ልጆች ገና ፊደል እየቆጠሩ ነበር።

ወደ አገራቸው ጋይንት የሚወስደው መንገድ በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ስለነበር ለቅሶ የደረስኩት ቆይቼ ነው። እህታቸው ቤት የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሚያነሳው ትሕትናቸውን ነበር፤ ዝምታቸውን፣ ሰው አለማስቀየማቸውን። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁ። እኔ ከሁሉም በላይ የማልረሳው ሲያፍሩ ያየሁበትን ጊዜ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ደግሞ «ሟቹ እንዴት ያፍሩ ነበር መሰላችሁ» አይባልም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ከደሴ ተመድቤ ደብረ ታቦር የታሪክ መምህርት ሆኜ ስመጣ፣ የተከራየሁት ቤት መምህር አድማሱ ከሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ነበር። እሳቸው ፊዚክስ ያስተምራሉ። ሚስት የላቸውም፣ አላገቡም። ዕድሜያቸው አባቴን ያህላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ መሬት የሚለኩ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ዘወትር የሚለብሱት ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ ነው። ተማሪዎቹ «ጥቁርና ነጭ» የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር። ሰሌዳ ላይም የሚጽፉት በነጭ ጠመኔ ብቻ ነው። ሌሎቻችን ለሥዕል ባለ ቀለም ጠመኔ ከመዝገብ ቤት ስንጠይቅ፣ «ለኔ ነጩ ይበቃኛል» ይሉ ነበር። ቁጥብነት ይመስለኝ ነበር።

ስለ ብርሃን ሲያስተምሩ ግን እንደሳቸው ያለ ሰው አላየሁም። ከሰዓት በኋላ ዝናብ እየጣለ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ የሰፈሩ ልጆች «ጅብ ወለደች» እያሉ ሲጮሁ፣ መምህር አድማሱ ጠመኔውን አስቀምጠው ክፍሉን ሙሉ ወደ ሜዳው ያወጣሉ። አንድ ቀን ክፍት ሰዓት ስለነበረኝ እኔም ተከትዬ ወጣሁ። ፀሐይ በስተኋላችን ናት። ዝናቡ ወደ ጉና እየሸሸ ነው። ከጉና ፊት ለፊት የማርያም መቀነት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቷል።

መምህር አድማሱ ልጆቹን፣ ፀሐይዋን ወደ ኋላቸው፣ ዝናቡን ወደ ፊታቸው አድርገው ካልቆሙ በቀር ቀስተ ደመናውን እንደማያዩት ነገሯቸው። ቀትር ላይ የማይታየውም ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ነው አሉ። ብርሃኑ ወደ ጠብታው ሲገባ ይታጠፋል፣ ከጠብታው ጀርባ ተመትቶ ይመለሳል፣ ሲወጣ እንደገና ይታጠፋል። ነጭ መስሎ የገባው ቀለሙን ዘርዝሮ ይወጣል። ከዚያ ቀጥለው እስከ ዛሬ የማልረሳውን ነገር ተናገሩ። ጎን ለጎን የቆምን ሁለት ሰዎች እንኳ ያንኑ አንድ ቀስት አናይም አሉ። ለኔ ዓይን ብርሃን የሚልኩት ጠብታዎች ለጎረቤቴ ዓይን ከሚልኩት የተለዩ ናቸው። እያንዳንዱ ሰው የሚያየው የራሱን ነው።

ከተማሪዎቹ አንዱ ዲያቆን ነበር። እጁን አውጥቶ፣ ታዲያ ይህ ለኖኅ የተሰጠው ኪዳን ነው ወይስ ውኃና ብርሃን ነው ብሎ ጠየቃቸው። ልጆቹ ጭቅጭቅ ጠበቁ። መምህር አድማሱ ግን አልተቆጡም። «ምልክቱን የሰጠው እግዚአብሔር ነው። እኔ የማስተምረው ምልክቱ በምን እንደተሠራ ነው» አሉት። ዲያቆኑ ደስ ብሎት እጁን አወረደ።

ግቢያችን ውስጥ ግን መምህር አድማሱ ሌላ ሰው ነበሩ። ቅዳሜ ገበያ ስንወርድ ቲማቲም ሻጯ ፊት ቆመው፣ «እስቲ አንቺ እይልኝ» ይሉኛል። በርበሬ ሲገዙም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ ሹራብ ገዝተው ቀለሙ ምን ዓይነት እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ ያምርባቸው እንደሆነ የጠየቁኝ መስሎኝ «ያምራል» አልኳቸው። ሹራቡን አንድም ቀን ለብሰውት አላየሁም። ብቻውን የኖረ ወንድ ስለሆኑ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንላቸውም እል ነበር።

የይበልጣል ጉዳይ የመጣው እዚያ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። ይበልጣል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። ቤተሰቦቹ ጋሳይ አካባቢ ገበሬዎች ናቸው፤ እሱ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቶ ይማራል። በሒሳብ የሚስተካከለው አልነበረም። በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ መምህሩ አንዲት ቀለሟን የምትቀይር የአሲድ መለያ ወረቀት ሎሚ ውስጥ ነክሮ ወደ ላይ ያዘና ምን ሆነች ብሎ ጠየቀው። ይበልጣል «አረንጓዴ ሆነች» አለ። ወረቀቷ ቀልታ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ሌላ ወረቀት፣ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ተነክራ አረንጓዴ የሆነችውን ይዞ፣ «ይህችስ?» ሲለው ይበልጣል «ቀይ» አለ። መምህሩ ይህን ድፍረት ነው ብሎ ከክፍል አስወጣውና ጉዳዩን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ አቀረበ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ መምህር አድማሱ ነበሩ። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። ልጁ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ፊታችን ቆመ። ምክትል ርእሰ መምህሩ፣ በመምህርህ ለምን ቀለድክ እያለ ሲያፋጥጠው ቆየ። ይበልጣል የመለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«የታየኝን ነው የተናገርኩት።»

ይህን ሲል መምህር አድማሱ ከወንበራቸው ትንሽ ከፍ ብለው ልጁን አዩት። የሚናገሩ መሰለኝና እስክሪብቶዬን አዘጋጀሁ። መልሰው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ስብሰባው እስኪያልቅ ድረስ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ላይ አላነሱም። ወላጅ ይዞ እስኪመጣና በክፍሉ ፊት ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ከትምህርት እንዲታገድ ተወሰነ። እሳቸውም ፈረሙ። ይበልጣል ወላጅ ይዞ አልመጣም። ደብተሩን ሰብስቦ ጋሳይ ገባ ተባለ።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ መምህር አድማሱ ምግብ ቀነሱ። እኔ ጨጓራቸው መስሎኝ አጃ አፍልቼ እወስድላቸው ነበር። አመስግነው ይቀበሉኛል፤ ኩባያው ግን እንደሞላ ይመለሳል።

ትንሽ ቆይቶ ከዞን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘሮች መጡ። መምህር አድማሱ ስለ ብርሃን እንዲያስተምሩና እነሱ እንዲያዩ ተባለ። የክፍል ጓደኞቿ በሥዕል የሚያመሰግኗት አንዲት ተማሪ በትልቅ ካርቶን ላይ የማርያም መቀነት ሥላ አምጥታ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ያን ዕለት ዝናቡም ፀሐይዋም ተገጣጥመው ቀስቱ በጉና በኩል ወጣ። መምህር አድማሱ ክፍሉን ወደ ሜዳ አወጡት። ሱፐርቫይዘሮቹም ጃንጥላቸውን ይዘው ተከተሉ። ነጻ የነበርን መምህራንም ሄደን ከዳር ቆምን።

መምህር አድማሱ ካርቶኑን ከፍ አድርገው ያዙት። ልጆቹ ሥዕሉን ከሰማዩ ጋር እንዲያስተያዩ ነገሯቸው። በዋናው ቀስት ላይ ቀዩ ሁልጊዜ ከላይ ነው፣ አረንጓዴው መሐል ነው፣ ወይን ጠጁ ከሥር ነው አሉ። በጣታቸው የሥዕሉን የላይኛውን መስመር እየነኩ፣ «ይኸው፣ ቀዩ ከላይ። ሰማዩም እንዲሁ ነው» አሉ።

የተማሪዎቹ ፊት ግራ ሲጋባ አየሁ። ልጅቷ የሣለችው ሁላችንም ለምደን እንደምንሥለው ነበር፤ አረንጓዴውን ከላይ፣ ቢጫውን ከመሐል፣ ቀዩን ከሥር፣ ልክ እንደ ባንዲራው። ጉና ፊት የተዘረጋው ግን ቀዩ ከላይ ነው። ሥዕሉና ሰማዩ ተገለባብጠዋል። ከሱፐርቫይዘሮቹ አንዱ ሳቅ እያለ፣ «መምህር፣ ከላይ የያዙት እኮ አረንጓዴው ነው» አላቸው።

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ብዙዎቹ ሳቁ። መምህር አድማሱ ካርቶኑን ወደ ራሳቸው አዙረው አዩት፤ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፤ እንደገና ካርቶኑን አዩ። አንድ ሰው የጠፋበትን ነገር ሲፈልግ እንደሚያየው አስተያየት ነበር። እስከ ዛሬ ያን አስተያየት ሳስታውስ ዓይኔን እሰብራለሁ። «ተሳስቻለሁ» ብለው ካርቶኑን ለልጅቷ መለሱላትና ትምህርቱን ሳይጨርሱ ወደ መምህራን ክፍል ገቡ። ሱፐርቫይዘሩ መነጽር ቢያደርጉ ይሻላል እያለ ለርእሰ መምህሩ ሲነግር ሰማሁ።

ያን ዕለት ከሥራ ስንመለስ ግቢያችን ቧንቧ ሥር ጀሪካን ስሞላ አገኙኝ። አጠገቤ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቀይና አረንጓዴ ለይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ቢጫና ሰማያዊ ያያሉ፤ ሁለቱ ግን ለሳቸው አንድ ናቸው። የቀስቱን ቀለማት በቅደም ተከተል የሚያውቁት እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ስላጠኑት ነው። እኔም ይህ እኮ ነውር አይደለም፣ ስንት ሰው እንዲህ ይፈጠራል አልኳቸው።

«እሱን መች አጣሁት» አሉኝ። «ያ ልጅ አልቀለደም። 'የታየኝን ነው' ሲል ወዲያው አወቅሁ። ከማንም ይልቅ እኔ አወቅሁ። ከተናገርኩ የራሴ ይወጣል ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ብዬም አልቀረሁ፣ ፈረምኩ።»

ለምን ይህን ያህል እንደፈሩ የገባኝ ቀጥለው የልጅነታቸውን ሲነግሩኝ ነው። በሰባት በስምንት ዓመታቸው አገራቸው ጋይንት ቄስ ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። በአንድ በዓል ቀን መሪጌታው ቀዩን መጎናጸፊያ አምጣ ብለው ወደ ዕቃ ቤት ላኳቸው። አረንጓዴውን ይዘው መጡ። መልሰው ላኳቸው፤ አሁንም አረንጓዴ ያዙ። በሕዝቡ ፊት በጥፊ ተመቱ። ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሰው ጨርቅ እያሳየ ይጠይቃቸው ጀመር። ሲሳሳቱ ይስቃል። በኋላ ሳቁ ወደ ፍርሃት ተለወጠና ዓይኑን የያዘው መንፈስ ነው ተባለ። ብርድ በሚያንቀጠቅጥበት ወር ጠበል ወሰዷቸው። በየማለዳው ያ በረዶ የመሰለ ውኃ ከላያቸው ይፈስሳል፤ ሲወጡ ሁለት ጨርቅ ይዘው «ይህስ? ይህስ?» ይሏቸዋል። ሳምንታት አለፉ። አንድ ማለዳ ገምተው መለሱና ተሳካላቸው።

«ሴቶቹ እልል አሉ» አሉኝ። «እናቴ መሬት ሳመች። ዳነ ተባለ፤ ስለት ገባ። እናቴ ያን ተአምር ለማንም እንግዳ ሳትናገር ቀርታ አታውቅም። ዛሬም ትናገራለች። እኔ ግን አልዳንኩም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሬ በቃሌ እያጠናሁ ነው የኖርኩት።»

እንግዲህ እውነቱን ቢናገሩ የሚያጡት የራሳቸውን ስም ብቻ አልነበረም፤ የእናታቸውንም ተአምር ነበር። ይህን እያሰብኩ ጀሪካኑ ሞልቶ እግሬ ሥር ሲፈስ አላየሁትም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ወደ ጋሳይ ልሄድ ነው፣ ብቻዬን ከሄድኩ መንገድ ላይ እመለሳለሁና አብረሽኝ ሂጂ አሉኝ። በሚኒባስ ሄድን። ከመኪናው ወርደን በገብስ ማሳ መሐል እየጠየቅን የይበልጣልን ቤት አገኘን። አባቱ ድንች እየቆፈረ ነበር። መምህር መጡ ሲባል ደንግጦ እጁን በጋቢው ጠርጎ ተቀበለን። እናቱ ጠላ ቀዳችልን። ይበልጣል ከጓዳው በር ላይ ቆሞ አልቀመጥ አለ።

መምህር አድማሱ ጠላውን ሳይነኩ ተናገሩ። ልጁ ምንም እንዳላጠፋ፣ ዓይኑ እንደዚያ ሆኖ እንደተፈጠረ፣ እሳቸውም እንደሱ እንደሆኑ አንድ በአንድ ነገሯቸው። አባቱ ሲሰማ ቆይቶ፣ ይህ ነገር ከየት መጣበት፣ በማን በኩል ነው ብሎ ጠየቀ። መምህር አድማሱ አንድ ጊዜ እናቲቱን አዩዋት። መልሱን ያውቁታል፤ ቢናገሩት በሴትዮዋ ላይ ሊወድቅ ነው። እንደገና ዝም የሚሉ መሰለኝ።

«በእናት በኩል ነው የሚመጣው» አሉ። «እናትየዋ ራሷ ደኅና ታያለች። እኔም ያገኘሁት ከእናቴ ነው፤ የእናቴን ያህል ዓይነ ጥሩ ሰው ደግሞ አላውቅም። የማንም ኃጢአት አይደለም።»

ባልየው ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ ግን እሱን አላየችውም። የተቀመጠችበት ላይ ሆና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ምን ሆንሽ ሲሏት፣ ወንድሜ አለች። ታላቅ ወንድሟ ነበር። በርበሬ ልቀም ሲሉት እንጭጩን ይለቅማል፤ ቀይዋን ላም አምጣ ሲሉት ሌላዋን ይነዳል፤ አባታቸው ደንቆሮ እያለ ሲደበድበው ኖሮ አንድ ቀን ከቤት ወጥቶ በዚያው ቀረ። «እኔም ደንቆሮ እለው ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ባልየው ምንም አልጠየቀም።

ይበልጣል ከበሩ ሳይነቃነቅ፣ «ያን ዕለት፣ እኔ ፊታችሁ ቆሜ ሳለሁ፣ ያውቁ ነበር?» አላቸው።

«አውቅ ነበር።»

«የሳቁብኝ በሰው ሁሉ ፊት ነው። እርስዎ ደግሞ እዚህ ቤት ውስጥ መጥተው ይነግሩኛል» አለና ወጣ። አባቱ ሊጠራው ተነሣ። መምህር አድማሱ እጃቸውን አንሥተው ከለከሉት። ልጁ ልክ ነው አሉ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው መጡ።

ሰኞ ጠዋት ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ ርእሰ መምህሩን አስፈቅደው ድምፅ ማጉያውን ያዙ። ተማሪው በሰልፍ ቆሟል፣ መምህራን ከፊት ነን። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምሩ ነበር። ይበልጣል የተናገረው የታየውን እንደሆነ፣ የሳቸውም ዓይን እንደሱው እንደሆነ፣ ኮሚቴው ላይ ይህን እያወቁ ዝም ብለው ያለ ጥፋቱ እንዳስቀጡት ተናገሩ። ከዚያ ወደ ላይ እያሳዩ፣ ይህን ባንዲራ በየጠዋቱ እያየሁ አርጅቻለሁ፣ አረንጓዴው ከላይ ቀዩ ከታች መሆኑን የማውቀው ግን ሰው ስለነገረኝ ነው አሉ።

መጨረሻ ላይ «ልጁን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እናንተንም» ብለው ድምፅ ማጉያውን አስቀመጡ።

ከኋላ ሰልፍ ሳቅ ተሰማ። የኬሚስትሪው መምህር አቀርቅሮ ወደ ቢሮው ሄደ። እኔ ጫማዬን አያለሁ። ስለሳቸው ያፈርኩትን ያህል ስለ ራሴ አፍሬ አላውቅም። ቀና ብዬ ሳያቸው ግን እሳቸው ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ሳቁ እስኪያልቅ ድረስ በትዕግሥት ቆመው ጠበቁት፤ ዝናብ እስኪያባራ እንደሚጠብቅ ሰው። ከዚያ ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

ለብዙ ጊዜ ተማሪዎቹ መጫወቻ አደረጓቸው። በኮሪደር ሲያልፉ እስክሪብቶ፣ ሻርፕ፣ ሎሚ ሳይቀር እያነሡ «መምህር፣ ይህስ?» ይሏቸዋል። እሳቸው ሁልጊዜ ቆመው ያዩና፣ «አላውቀውም፣ ንገረኝ» ይሉ ነበር። ሳይቆጡ። ልጆቹ ሲሰለቻቸው ተዉት። በዚያው ሰሞን ከሌላ ክፍል ሁለት ልጆች ሰው እንዳያያቸው እየተጠባበቁ ቢሮ መጥተው፣ እኛም እንዲሁ ነን ብለው ነገሯቸው። መምህር አድማሱ ለየክፍሉ መምህራን እየዞሩ ልጆቹን ሳያሳፍሩ አስረዱ።

የይበልጣል እገዳ ተነሣ። ግን ትምህርቱ አልፎት ስለነበር ዓመቱ ባከነ። በመስከረም ተመልሶ ገባ። መምህር አድማሱን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ይላቸዋል፤ አይቆምም። አንድ ቀን ይህን አይቼ ቅር እንዳለኝ ስነግራቸው፣ «እኔ ብሆን ሰላምታውንም አልሰጥም ነበር» አሉኝ። የማትሪክ ውጤት የመጣ ዕለት ይበልጣል ግቢያችን ድረስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። መምህር አድማሱ አልነበሩም። ግባ ስለው እምቢ አለ። «አልፌያለሁ ብለው ይንገሩልኝ» ብሎኝ ሄደ። ስነግራቸው ወደ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ይበልጣል አሁን ባሕር ዳር ሒሳብ ያስተምራል ይባላል።

መምህር አድማሱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ጡረታ ወጥተው አገራቸው ጋይንት እህታቸው ዘንድ ሲኖሩ፣ ልጠይቃቸው የሄድኩ ጊዜ ነው። ሰውነታቸው ደክሟል። ጓሮ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ስለ ብዙ ነገር ስናወራ ቆይተን፣ ያኔ በሰልፍ ላይ የተናገሩትን እናታቸው ሰምተውት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጠይቃቸው ደፍሬ አላውቅም ነበር።

በዚያ ሰልፍ ላይ የጋይንት ልጆችም ስለነበሩ ወሬው አገራቸው እንደሚደርስ አውቀው ነበር። ስለዚህ ወደ እናታቸው መሄድ ፈሩ። ለገና አልሄዱም። ለፋሲካም አልሄዱም። በእህታቸው ስልክ ይደውሉና፣ ደኅና ነኝ ደኅና ናት ተባብለው እናትየዋ ሳትቀርብ ይዘጋሉ። እንዲህ እያሉ ዓመት ሆናቸው። በመጨረሻ እናትህ ተኝታለች ና ብላ እህታቸው ጠራቻቸው። ሄደው አልጋው አጠገብ ተንበረከኩ። ያኔ ጠበሉ ዘንድ ዋሽቼሽ ነበር፣ አልዳንኩም ነበር ብለው ጀመሩ።

እናትየዋ አላስጨረሰቻቸውም።

«አውቃለሁ አለችኝ» አሉኝ መምህር አድማሱ። «ያኔ ስትመልስ ጨርቁን አይደለም፣ ፊቴን ነበር የምታየው አለችኝ። ከብርዱ ላውጣህ ብዬ ከሴቶቹ ሁሉ ቀድሜ እልል ያልኩት እኔ ነኝ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ተአምሩን ላገኘችው ሰው ሁሉ ስትናገር የኖረችው ማንም ዳግመኛ ጨርቅ ይዞ እንዳይመጣብኝ ነው።»

ለምን ሳትነግራቸው እንደኖረች ሲጠይቋት፣ አንተ እኔን ያስደሰትክ መስሎህ ደስ ብሎህ ነበር፣ እንዴት ልንጠቅህ አለቻቸው። መምህር አድማሱ ይህን ሲነግሩኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ መሬት እያዩ ነው።

እዚያው ሳሉ እህታቸው ደግሞ ሌላ ነገር ነግራቸዋለች። ያን ዓመት እናትየዋ በየቅዳሜው ምርኩዟን ይዛ ከደብረ ታቦር የሚመጣው አውቶቡስ የሚቆምበት ድረስ ትወርድ ነበር። አውቶቡሱ ሰዉን አራግፎ ሲሄድ፣ ውሸቴን ደርሶበት ተቀይሞኝ ቀረ እያለች ትመለሳለች።

«እኔ እሷን አፍሬ ቀረሁ» አሉኝ፤ «እሷ እኔን አፍራ ስትጠብቀኝ ከረመች። ያን ልጅ በሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። እሷን ስለዚያ ዓመት ምን ብዬ እንደምጠይቃት አልጋዋ ሥር ሆኜ ቃል ስፈልግ፣ ሳላገኘው ሄደች።»